ልክ የሆነ ትከሻ

መብራቱን አጠፋች። መጋረጃውን ሳበችና የስልኳን ባትሪ አብርታ ከመጻሕፍት ክምር ጋር አስደገፈችው። ከብርሃኑ ፊት ራስም እጅም የሌለው የልብስ ስፌት ማኒኪን ቆሟል፤ ጥላው በነጩ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ተዘረጋ። ቀጥ ያለ አንገት፣ እኩል የወረዱ ሁለት ትከሻዎች፣ ሰርጎድ ያለ ወገብ፣ ከዚያ ዳሌ። በየልብስ ቤቱ መስታወት ሁልጊዜ የምናየው ገላ ነው።

«አሁን ይዩ» አለችኝ። ከጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ አንስታ በግራ ትከሻው ላይ በስፒል ሰካቻት። አቡጀዲ የለበሰች፣ ውስጧ በባዘቶ የተጠቀጠቀ፣ ከአንገት ጀምሮ እያበጠች ሄዳ ክንድ ጋ ስትደርስ ድንገት የምትወድቅ ቁራጭ ናት። ግድግዳው ላይ የነበረው ሰው በአንዴ ሌላ ሆነ፤ ከባድ ነገር ያነሳ መሰለ። ቁራጯን ነቅላ ጀርባው ላይ ስትሰካት ጥላው ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ሆነ። ወደ ሆድ አመጣቻት፤ ነፍሰ ጡር። ወደ ዳሌ አወረደቻት፤ በድሮ ፎቶግራፍ የምትታይ የአውሮፓ ወይዘሮ። ማኒኪኑ ካለበት አልተነቃነቀም። የተዘዋወረችው አንዲት መዳፍ የምታህል ጨርቅ ብቻ ናት።

በአዲስ አበባ ካሉት የፋሽን ማሠልጠኛዎች በአንዱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ስሟን አልጽፍም። የመመረቂያ ሥራዋ የሚያጠነጥነው በእናቷ ገላ ላይ ነውና የእናቷ ገመና በስሟ በኩል አደባባይ እንዳይወጣ ለምናኛለች፤ እኔም ቃል ገብቻለሁ።

የሙያው ሰዎች ያን የግድግዳ ጥላ «ሲሉዌት» ይሉታል። ቃሉ የሰው ስም ነበር። ኤትየን ደ ሲሉዌት እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ የገንዘብ ሹም ሆኖ ጥቂት ወራት ብቻ የቆየ፣ ቁጠባን የሙጥኝ ያለ ሰው ነው። ለሠዓሊ የሚከፍለው ያልነበረው ሰው የፊቱን ጥላ በጥቁር ወረቀት አስቆርጦ ይወስድ ነበርና ያ ርካሽ ምስል በሹሙ ስም ተጠራ። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ቃል «ቁመና» ይመስለኛል። ቁመና ስንል ግን ሰውየው ከእግዜር የተቀበለውን ማለታችን ነው። ተማሪዋ በጨለማው ክፍል ውስጥ የምታሳየኝ፣ ቁመና ከምንለው ነገር ስንቱ ከጨርቅ እንደተሠራ ነው።

ናሙና ቁጥር 1

መብራቱ ሲበራ ሌላው ግድግዳ ታየኝ። 43 ናሙናዎች በተራ በተራ ተሰክተዋል። የሚበዙት ከመጽሐፍ ገጽ አይበልጡም። በየሥራቸው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ፤ ክሩ ከየት እንደመጣ፣ ጨርቁ ታጥቦ ስንት ጣት እንደገባ፣ ተተኩሶ ምን እንደሆነ። አንዳንዶቹ ተሸንሽነዋል፣ አንዳንዶቹ አብጠዋል፣ አንዳንዶቹ እንደ ቅጠል ጠርዝ ተጠቅልለዋል። «አልሠራም» የሚል የተጻፈባቸውም አሉ፤ እነሱንም አልጣለቻቸውም።

የመጀመሪያዋን ናሙና እርሷ አልሠራቻትም። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች፣ ቢጫ የሆነች፣ ጠርዟ የተፈረፈረ የስፖንጅ ቁራጭ ናት። የወጣችው ከእናቷ ቀሚስ ገበር ውስጥ ነው።

እናቷ ያደጉት ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ከባሕር ዛፉ ጫካ ማገዶ ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኖሩት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ዛሬም ማለዳ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው እንዲህ ያሉ ሴቶችን ያያል፤ ሸክሙ ከሴትየዋ ይረዝማል፣ ከኋላ ሲታዩ የሚሄድ እንጨት እንጂ ሰው አይመስሉም። የተማሪዋ እናት የግራ ትከሻቸው ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። «የገመዱ ነው» ይላሉ እርሳቸው፣ ሌላ አይጨምሩም።

ለዓመት በዓል ቀሚስ በተሰፋላቸው ቁጥር ልብስ ሰፊው በግራ ትከሻ በኩል ብቻ ስፖንጅ ያስገባል። ማንም አላዘዘውም፤ እርሳቸውም «አስገባ» ብለው አያውቁም። ዓይኑ አይቶ፣ እጁ አስተካክሎ፣ ነገሩ በዝምታ ያልፋል። ልጅቱ ስፖንጁን ያወቀችው በሰባት ዓመቷ ነው። ልብስ እያጠቡ ሳለ የገበሩ ስፌት ተተረተረና ያቺ ቁራጭ ሳሙና ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ልጅቱ መጫወቻ መስሏት አነሳቻት።

«እናቴ እጇን ዘረጋችና ‹አምጪ፣ ትከሻዬ ነው› አለችኝ» አለች ተማሪዋ። «እየሳቀች አልነበረም። እውነቷን ነበር።»

ልክ

አማርኛችን ልብስ ሰፊዎችን የሚያስቸግር አንድ ቃል ይዟል። «ልክ» መጠን ነው፤ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ልክ ይወስዳል። «ልክ» ደግሞ ትክክል ነው፤ ልጅ ሒሳቡን ሲሠራ ልክ ነህ ይባላል። ተማሪዋ ይህን ያስተዋለችው በሁለተኛ ዓመቷ የቅድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። መምህሯ በሰሌዳው ላይ የሴት ልክ ሠንጠረዥ ጻፉ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት። የትከሻው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። ግራና ቀኝ ተብሎ ሁለት ቦታ አልተከፈተለትም።

በፋብሪካ ለሚመረት ልብስ ይህ ግዴታ ነው። የወረቀቱ ቅድ የሚሠራው ለግማሽ ገላ ነው፤ ወረቀቱ ይገለበጥና ሌላው ግማሽ እንደ መስታወት ምስል ይወጣል። ጊዜ ይቆጥባል። ግን ስንቶቻችን ነን ከመሐል ታጥፈን ግራችን በቀኛችን ልክ የሚያርፍ? ልብስ ሰፊ የሆነ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በዕቃ መያዣው እጁ የረዘመ፣ ልጅ ያዘለችበት ዳሌዋ የወጣ፣ መሪ ሲያዞር የኖረ ትከሻው የጎበጠ ሰው በየቀኑ ደጁ ላይ ይቆማል። ሰፊው ይህን ሁሉ አይቶ በገበር፣ በስፖንጅና በጥቂት ስፌት ይሸፍነዋል። ደንበኛውም «ልክ ሆነልኝ» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል።

ተማሪዋን የያዛት ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። ልብስ ገላችንን ሁልጊዜ የሚቀርጽ ከሆነ፣ መቅረጹ ለምን ሁልጊዜ ከውስጥ ይደበቃል? ስፖንጁ ወደ ውጭ ቢወጣስ?

ከብረት እስከ ላባ

ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ የአውሮፓን የልብስ ታሪክ ማገላበጥ ነበረባት፤ የግድግዳዋ አንዱ ጥግ በዚያ ፎቶ ኮፒ ተሞልቷል።

እ.ኤ.አ. በ1856 ፓሪስ ውስጥ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ የቀሚስ ጎጆ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ክሪኖሊን ይባላል። ከዚያ በፊት ሴቶች ቀሚሳቸው እንዲነፋ በፈረስ ጭራ የተጠናከረ የውስጥ ጉርድን ጨምሮ ብዙ ጉርድ ይደራርቡ ነበር፤ ስሙ ራሱ የመጣው ከፈረስ ፀጉርና ከበፍታ ነው። ብረቱ ያን ሁሉ ጭነት አቀለለ፤ እግር ነፃ ወጣ። ዋጋው ግን ሌላ ነበር። ቀሚሱ ከባለቤቷ ርቆ ስለሚሄድ ምድጃ አጠገብ ስታልፍ እሳት መያዙን ሳታውቅ የተቃጠለች ሴት ብዙ ናት። በ1860ዎቹ መጨረሻ እብጠቱ ከዙሪያ ወደ ኋላ ሸሸና መቀመጫ ላይ ብቻ ቀረ። በአሥርና በሃያ ዓመት ውስጥ «የሴት ቁመና» የተባለው ነገር ከደወል ወደ ግመል ጀርባ ተለወጠ። የሴቶቹ አጥንት ግን ያው ነበር።

ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1947 የመጀመሪያ ስብስቡን ፓሪስ ላይ ሲያሳይ ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት አልሞላም። «ባር» የተባለው ታዋቂ ጃኬት ወገቡ የተጣበቀ፣ ዳሌው በውስጥ ሙሌት የተነፋ ነው። ዓለም «አዲሱ ገጽታ» ብሎ ጠራው። ጨርቅ በራሽን የኖሩ ሰዎች በጉርዱ ስፋት ተቆጡ፤ ሌሎች ከድህነቱ ዘመን መውጫ በር አድርገው አዩት። ለተማሪዋ ግን ትልቁ ነገር ገበሩ ነው። «ያ ሁሉ ሰው ዳሌ ሲያደንቅ ሙሌት ነበር የሚያደንቀው» ትላለች። «የእናቴ ሰፊ ከዲዮር የሚለየው የት ላይ እንደሚያስገባ ብቻ ነው።»

ሙሌቱን ወደ አደባባይ ያወጣችው ጃፓናዊቷ ሬይ ካዋኩቦ ናት። ካዋኩቦ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ተወለደች፤ ልብስ ስፌት በትምህርት ቤት ተምራ አታውቅም፣ በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ያጠናችው ሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ነው። «ኮም ዴ ጋርሶን» የተባለውን ድርጅቷን በ1969 ጀመረች፤ ፓሪስ ላይ በ1981 ቀረበች። ስለ ገላና ስለ ልብስ የሚነገረውን የለወጠው ስብስቧ በጥቅምት 1996 ለ1997 የጸደይ ወቅት የታየው ነው። ርዕሱ በግርድፉ «ገላ ከቀሚስ ይገናኛል፣ ቀሚስ ከገላ ይገናኛል» ማለት ነው። ሞዴሎቹ በሚለጠጥ ዳማ ዳማ ጨርቅ ተጠቅልለው ወጡ። ከጨርቁ ሥር በላባ የተሞሉ እብጠቶች ነበሩ፤ አንዱ ከትከሻ ተነስቶ በጀርባ ዞሮ ወገብ ላይ ያበቃል፣ ሌላው በአንድ ዳሌ ብቻ ያብጣል፣ ሌላው ከአንገት ሥር ይቆለላል። አዳራሹ ተከፈለ። እጢ ያየም ነበር፣ ጉብጥና ያየም ነበር፣ አዲስ ውበት ያየም ነበር። ሙሌቱን አውጥተው ልብሱን ባዶውን ፎቶ ያነሱ መጽሔቶችም ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው የዳንስ ቀማሪ መርስ ከኒንግሃም ካዋኩቦን ለ«ሲናሪዮ» ዳንሱ አልባሳቱን እንድትሠራለት ጋበዛት፤ ብሩክሊን ላይ ቀረበ። ዳንሰኞቹ እነዚያን እብጠቶች ለብሰው ዘለሉ። ሚዛናቸው ተለወጠ፣ እርስ በርስ የሚቀራረቡበት ርቀት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻዋ ሲያሳይ፣ በሕይወት ላለ ዲዛይነር ይህን ክብር ሲሰጥ ከኢቭ ሳን ሎራን በኋላ ሁለተኛው ነበር።

ተማሪዋ የዚያን ስብስብ ፎቶ መጀመሪያ ያየችው በስልክ ነው። የታየቻት የእንጦጦ መንገድ ናት። «ፓሪስ ላይ አዲስ የተባለውን ቁመና እኔ በየማለዳው ሳየው ነው ያደግኩት» አለችኝ። «ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ አውልቀውት አያድሩም።»

ጥጥ ይረሳል

ጨርቅ እንዴት ቅርፅ ይይዛል? ናሙናዎቹ የተሠሩት ይህን ለመመለስ ነው። ብዙዎቹ የተሸመኑት በሽሮ ሜዳ ጎረቤቷ በሆኑ አንድ ሸማኔ ዘንድ ነው። ከጋሞ ከመጡት አንጋፋ ሸማኔዎች አንዱ ናቸው፤ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላኩ ያዋሯታል። እርሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ እርሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ያመጣችላቸው ነገር ሁሉ ሸማ ማበላሸት መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት የተገኘው ከመቀስ ነው። ሸማ በድሩ አቅጣጫ ሲጎተት እምቢ ይላል፤ በማጉም ያው ነው። በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲጎተት ግን ድርና ማጉ እንደ መቀስ እግሮች ይተጣጠፉና ጨርቁ ይረዝማል፣ ይጠብባል፣ ገላ ላይ ይፈሳል። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ዝናዋን የገነባችው በዚህ ነው። በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እያለበሰች፣ በሰያፍ እየቆረጠች፣ ያለ አጥንትና ያለ ሙሌት ቀሚስ ከገላ ጋር እንዲሄድ አደረገች። ናሙና 6 እና 7 የዚህ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያው ሸማ ቀጥ ተቆርጦ እንደ ወረቀት ቆሟል፣ ሌላው በሰያፍ ተቆርጦ እንደ ውሃ ወርዷል።

ሁለተኛው ትምህርት ከባድ ነበር። ሽንሽን ፈለገች፤ ትከሻው ላይ ተዘርግቶ የሚታጠፍ፣ ሴትየዋ ስትንቀሳቀስ የሚተነፍስ። ሸማውን ሸንሽና፣ በአሚዶ አድርቃ፣ በካውያ ተኮሰችው። ተነስቶ ቆመ። አጠበችው፤ ጠፋ። ምክንያቱ በጥጥ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። የጥጥ ቃጫ የተሠራባቸው ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ደካማ ማሰሪያ አላቸው፤ ውሃ ሲገባ ማሰሪያው ይላቀቃል፣ ሲደርቅ በአዲስ ቦታ ይታሰራል። ፖሊስተር ሌላ ነው። በሙቀት ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ በዚያው ቅርፅ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ተራ እጥበት አይፈታውም። ጃፓናዊው ኢሴ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብቻው የቆመውን የሽንሽን ልብሱን የገነባው በዚህ ላይ ነው። ሌሎች ሸንሽነው ሲሰፉ እርሱ መጀመሪያ ከሚፈለገው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሰፋ ልብስ ሰፍቶ፣ ከዚያ በወረቀት መሐል አድርጎ በሙቀት ማተሚያ ይሸነሽነው ነበር። ናሙና 19 ሥር ተማሪዋ «ጥጥ ይረሳል፣ ፖሊስተር ያስታውሳል» ብላ ጽፋለች።

ፖሊስተር መግዛት ይቀላት ነበር። መርካቶ ሞልቷል። «ግን የእናቴ ትከሻ በጥጥ ውስጥ ነው የኖረው» አለች፤ በጥጥ እንዲያስታውስ መንገድ ፈለገች። መንገዱን ያሳዩዋት ሸማኔው ናቸው። እንዝርት ላይ ከመጠን በላይ የከረረ ፈትል አንዳንዴ ከባዘቶ ፈታይ ቤት ይመጣል፤ ሸማው ታጥቦ ሲወጣ በዚያ ቦታ ስለሚኮማተር ሸማኔ ይሸሸዋል። «ይህንን ነው የምትፈልጊው እንዴ?» አሏት እየገረማቸው።

አዎ፣ ይህንን ነበር። የከረረ ክር ውሃ ሲነካው ሊፈታ ይታገላል፣ መፈታት ስለማይችል ይጠማዘዛል፣ ሲጠማዘዝ ያጥራል፣ ጨርቁንም ይዞት ይገባል። አብረው አንድ ሸማ ጀመሩ፤ ከዳር ዳር በለዘበ ማግ፣ መሐል ላይ አንድ ስንዝር ያህል በከረረ ማግ። ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ጠፍጣፋ ነበር፣ ከሌላ ነጠላ አይለይም። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሩት። መሐሉ ዓይናቸው እያየ ተሰበሰበ፤ ዳርና ዳሩ ተነፋ። ያለ መቀስ፣ ያለ ስፌት፣ ያለ ስፖንጅ ወገብ ያለው ጨርቅ ሆነ። ታጥቦም አይጠፋም፤ ውሃ ደጋግሞ ይሰበስበዋል። ናሙና 28 ይባላል። ሸማኔው ለብዙ ደቂቃ በእጃቸው ይዘው ሲያገላብጡት ቆዩና «ስሕተት ብለን የምንጥለው ነበር» አሉ።

«በሽታ ይመስላል»

ሥራው በትምህርት ቤቷ ሲቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ይህ ልብስ ነው ትራስ?» ብለው ጠየቁ። እርሱ አላስከፋትም። ያስጨነቃት የእናቷ ቃል ነው። ትከሻው ላይ ያበጠውን የአቡጀዲ ሞዴል ባዩ ጊዜ እናቷ ፊታቸውን አዞሩና «በሽታ ይመስላል፣ የሰው ሕመም ለብሰሽ ነው እንዴ የምትመረቂው?» አሏት።

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ እኔም ከሰማሁት ወዲህ አልለቀቀኝም። ጀርባው የጎበጠ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ልጆች በሚጠቋቆሙበት አገር፣ ጉብጥናን መድረክ ላይ አውጥቶ ጭብጨባ መቀበል ምን ማለት ነው? ሞዴሏ ከመድረክ ስትወርድ ሙሌቱን ታወልቃለች። ማገዶ ተሸካሚዋ ምን ታወልቃለች? ተማሪዋ ለሁለት ሳምንት መርፌ አልነካችም። ከዚያ ተመልሳ በግድግዳዋ ላይ ያሉትን ናሙናዎች በሁለት ከፈለቻቸው። በአንድ ወገን ያለ ለባሿ ፈቃድ ቅርፅ የሚጭኑ፤ በሌላው ለባሿ ራሷ የምታዘው። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነበር። ከዚያ ወገን አብዛኞቹን አወረደች።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማከብረው ያን ማውረድ ነው። ክሪኖሊን፣ የዲዮር ሙሌት፣ የሰፊው ስፖንጅ፣ ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ልኩን የወሰነው ከለባሿ ውጭ ያለ ሰው ነው።

መደረብ፣ ማጣፋት፣ ማደግደግ

መልሱን ያገኘችው ቤቷ ውስጥ ነው። የአያቷ በርኖስ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ጥቁር የበግ ፀጉር ካባ፣ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትወጣ ጫፍ ያላት። አንድ ትከሻ ብቻ። ማንም ሕመም ብሎት አያውቅም፤ የሰው ሞገስ ነበር።

ከበርኖሱ ይልቅ ግን ያስተማራት ያልተሰፋው ልብስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሸማ ነው፤ እጅጌ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ልክ የለውም። ነጠላም እንዲሁ። ቅርፁን በየማለዳው የሚሠራው የለባሹ እጅ ነው። ይህን እጅ የምንጠራባቸው ቃላት ስንት ናቸው! ብርድ ሲሆን እንከናነባለን፣ ስንወጣ እንደርባለን፣ ጫፉን በትከሻ ወርውረን እናጣፋለን። ቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ እንለብሳለን። ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። በድሮው ሥርዓት በታላቅ ሰው ፊት ሸማ ከትከሻ ይወርድና ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ማደግደግ ይባላል። ያው አንድ ሸማ በአንድ ቀን ሐዘንተኛም፣ አገልጋይም፣ ባለ ሥልጣንም ያደርጋል። የአውሮፓ ሰፊ በመቀስና በብረት የሚሠራውን ቁመና እናቶቻችን በአንድ የክንድ ውርወራ ይሠሩታል፤ ሲፈልጉም ያፈርሱታል።

መቀነትም አለ። ሴት ከወለደች በኋላ ሆዷን የምታስርበት፣ ረጅም መንገድ ስትሄድ ወገቧን የምታጠብቅበት፣ ገንዘቧን ቋጥራ የምትይዝበት። መቀነት ገላን ይቀርጻል፤ ቋጠሮው ግን በባለቤቷ እጅ ነው። ተማሪዋ የመመረቂያ ቀሚሷን የሠራችው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ልኩ

ቀሚሱ ላይ ስፖንጅ የለም። ትከሻው ሁለት ልክ አለው፤ የግራውም የቀኙም ለየብቻ ተለክቶ፣ ሸማው ሲሸመን ጀምሮ ልዩነቱ በከረረው ማግ ተሠርቶበታል። ጥለቱ በአንገት ዙሪያ ዞሮ ሲወርድ በግራ በኩል ዝቅ ይላል፣ እንደ ተራራ መንገድ። በተጨማሪ አንዲት ለብቻዋ የቆመች ሙሌት አለች፣ በባዘቶ የተሞላች፣ በመቀነት የምትታሰር። የት እንደምትታሰር ተማሪዋ አልወሰነችም።

የልኬቱ ቀን እኔም ነበርኩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ቡና ተቆልቶ ሽታው ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። እናትየዋ ቀሚሱን ለበሱና ከመስታወቱ ፊት ቆሙ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ግራ ትከሻቸው ሄዶ ስፖንጁን ፈለገ፤ የለም። ጣታቸው በዝቅተኛው ትከሻ ላይ ያለውን ጥለት ተከተለና ቆመ።

«እማዬ፣ ይቺን ከፈለግሽ ትከሻሽ ላይ ማድረግ ትችያለሽ» አለች ልጅቱ፣ ሙሌቷን እየሰጠቻቸው። «ካልፈለግሽም ተያት።»

ተቀበሏት። በእጃቸው መዘኗት። ትከሻቸው ላይ ያደርጓታል ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ አዞሯትና ጀርባቸው መሐል አሳርፈው፣ መቀነቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው አሰሩት። ማሰሩን እጃቸው ያውቀዋል። ትንሽ ጎንበስ አሉ፣ ጉልበታቸው ሸብረክ አለ፣ ቁልቁለት ላይ እንዳለ ሰው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም።

«እዚህ ነበር የሚያርፈው» አሉ።

ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ራሳቸው ቋጠሮውን ፈቱ፤ ሙሌቷን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ቀና ብለው እንደገና ወደ መስታወቱ ዞሩ፤ አንዱ ትከሻ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ጥለቱም አብሮት ወርዶ።

ልጅቱ ከልምዷ የተነሳ ሜትሩን ከአንገቷ አንስታ ጠጋ አለች። እናትየዋ እጇን ያዝ አደረጉና መለሱት።

«ተይው» አሉ። «ልክ ነው።»